ከስድስት ኪሎ ቀጥሎ

አዲስ አበባን የሚያውቅ ሁሉ አራት ኪሎን፣ አምስት ኪሎንና ስድስት ኪሎን ያውቃል። ሰባት ኪሎ የሚባል ሰፈር ግን ሰምተው አያውቁ ይሆናል። እኔ አውቀዋለሁ። የሚገኘው አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ነው፤ ከመሳፈሪያው በር አጠገብ፣ ሚዛኑ ከተቀመጠበት ቦታ። ወገኖቼ እዚያ ቆመው፣ ሻንጣቸውን መሬት ላይ ከፍተው፣ በሐምሌ ሙቀት ሹራብ በሹራብ ላይ ሲደርቡና ጫማ በኮት ኪስ ሲከቱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ስቄም አልፌአለሁ። አንድ ቀን ደግሞ ተራው የእኔ ሆነ።

ዛሬ በዚህ ገጽ የማቀርበው ሂስ ነው። ሂስ ሲባል የለመድነው የመጽሐፍ፣ የቴአትር ወይም የዘፈን ነው። የእኔ የቦርሳ ነው፤ ጀርባ ላይ የሚታዘል፣ ላፕቶፕ የሚይዝ፣ ለመንገድም ለሥራም ይሆናል ተብሎ የሚሸጥ ቦርሳ። አይሳቁብኝ። መጽሐፍ ደራሲ እንዳለው ሁሉ ቦርሳም ደራሲ አለው። ደራሲ ሲጽፍ በሐሳቡ የሚያነጋግረው አንባቢ አለ፤ ቦርሳ ሠሪም ሲነድፍ በሐሳቡ የሚያየው ተሸካሚ አለ። የእኔ ቅሬታ ያ ተሸካሚ እኔንም እርስዎንም አይመስልም የሚል ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ ለምን የቁም ነገር እንደሆነ ላስረዳ። ከ2020 ወረርሽኝ በፊት አብዛኞቻችን ወደ አገር ቤት የምንሄደው ለሁለት፣ ቢበዛ ለሦስት ሳምንት ነበር። ከዚያ ላይ የመንገዱ ቀን ይቀነሳል፤ ለቅሶ መድረሱና ዘመድ መጠየቁ ይቀነሳል፤ ለእናትና ለአባት የሚተርፈው ፍርፋሪ ነው። ወረርሽኙ ሲመጣ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛው ከቤቱ እንዲሠራ ፈቀዱ፤ አንዳንዶቹም እስከ ዛሬ አልከለከሉም። ሂሳብ የሚሠራው፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፈው፣ የሆስፒታል ክፍያ የሚያዘጋጀው፣ በስልክ የሚያስተረጉመው ወገናችን «ከቤት» የሚለውን ቃል ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ አንድ ነገር ተገለጠለት። የእናቱም ቤት ቤት ነው። አሠሪው ከፈቀደለት ላፕቶፑን አዝሎ ስድስት ሳምንት፣ ሁለት ወር ከወላጆቹ ጋር ሊቀመጥ ይችላል። (ፈቃዱን በጽሑፍ ይያዙት። በቃል የተሰጠ ፈቃድ አለቃ ሲቀየር አብሮ ይሄዳልና።) ይህ ሁሉ በአንድ ቦርሳ ማንገቻ ላይ የተንጠለጠለ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ላፕቶፑ ከጠፋ ሥራው የለም፤ ሥራው ከሌለ ሁለቱ ወር የለም።

አሁን ወደ ቦርሳው ልግባ። በገበያው በስፋት የሚወደሰው ባለ 40 ወይም ባለ 45 ሊትሩ ነው። «ከዚህ ሌላ ሻንጣ አያስፈልግዎትም» እየተባለ ይሸጣል፤ 300 ዶላር ገደማ የሚጠየቅባቸውም አሉ። እንደ ሻንጣ ዙሪያውን በዚፕ ይከፈታል። ላፕቶፑ በጀርባ በኩል የራሱ ክፍል አለው። ለፓስፖርቱ፣ ለብዕሩ፣ ለውኃ ጠርሙሱ፣ ለቁልፉ ሁሉ ኪስ አለው፤ ኪሱ ከመብዛቱ የተነሳ ባለቤቱ የገዛ ቦርሳውን እንደ ፖሊስ ይፈትሻል።

የሥራውን ጥበብ ግን አልንቅም። ዙሪያውን መከፈቱ ትልቅ ነገር ነው። የድሮው፣ ከላይ ብቻ የሚከፈተው ቦርሳ እንደ ስልቻ ነበር፤ ከሥር ያለውን ካልሲ ለማውጣት ከላይ ያለውን ሁሉ መዘርገፍ ግድ ይል ነበር። የወገብ መታጠቂያውም ታሪክ አለው። በ1952 ዲክ ኬልቲ የተባለ አሜሪካዊ በካሊፎርኒያ የአሉሚኒየም ፍሬም ያላቸውን የጀርባ ቦርሳዎች እየሠራ መሸጥ ጀመረ፤ ከትከሻ ላይ የነበረውን ክብደት በወገብ ቀበቶ ወደ ዳሌ በማውረድም ስም አተረፈ። ለእኛ ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም። አንቀልባን ያስታውሱ። እናት ልጇን ስታዝል ወደ ጀርባዋ አስጠግታ፣ ከፍ አድርጋ፣ ጠበቅ አድርጋ ታስረዋለች፤ ልጁ ወደ ኋላ ከተንጋደደ ወገቧን ይቆርጣታል። የጥሩ ቦርሳም ምሥጢር ይኸው ነው። ከባዱ ነገር ወደ ጀርባ ይጠጋ፣ ከፍ ይበል፣ አይወዛወዝ። ላፕቶፑን ከጀርባ ጋር ያጣበቁት ሠሪዎች ይህን ተረድተዋል። ላፕቶፑን ከፊት ለፊት ኪስ የሚከቱት አልተረዱም፤ የእነሱን አይግዙ።

ሂሴ የሚጀምረው ከሊትሩ ነው። ሊትር የቦታ መለኪያ ነው፤ ስለ ክብደት የሚናገረው ነገር የለም። እህል በጣሳ ሲሸጥና በኪሎ ሲሸጥ ያለውን ልዩነት እናቶቻችን በደንብ ያውቁታል፤ አንድ ጣሳ ፈንዲሻና አንድ ጣሳ ምስር እኩል አይመዝኑም። ቦርሳ ሠሪው በጣሳ ይሸጥልዎታል፤ አየር መንገዱ በኪሎ ይቀበልዎታል። ጠቡ ከዚህ ይጀምራል።

ነገሩ ለምን እንዲህ ሆነ? ከእነዚህ ስመ ጥር ቦርሳዎች ብዙዎቹ የሚነደፉት አሜሪካ ውስጥ ነው። ትልልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች፣ አሜሪካን፣ ዴልታና ዩናይትድ፣ ተሳፋሪው ይዞት ስለሚገባው ሻንጣ የሚጠይቁት መጠኑን ነው፤ 22 በ14 በ9 ኢንች፣ ወይም በግምት 56 በ36 በ23 ሳንቲ ሜትር። አንስተው ከላይ ማስቀመጥ ከቻሉ ኪሎውን የሚጠይቅዎት ብዙም የለም። ቦርሳ ሠሪውም በዚሁ ልክ ሰፋ። የእኛ መንገድ ግን ሌላ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል የሚፈቅደው የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ነው። ኤምሬትስም 7፣ ኳታርም 7 ነው። በፍራንክፈርት ወይም በኢስታንቡል ቢዞሩ ሉፍታንዛና ተርኪሽ 8 ይላሉ። ከዚህ ሌላ ትንሽ የግል ዕቃ የሚፈቅዱም ስላሉ፣ ደንብም ስለሚለዋወጥ፣ ከመነሳትዎ በፊት የትኬትዎን ደንብ ያንብቡ። እንግዲህ ቦርሳው ላይ «ለአውሮፕላን የሚሆን» የሚል ወረቀት ቢለጠፍ ውሸት አይባልም። እውነት የሚሆነው ግን ከዴንቨር ወደ አትላንታ ለሚበር ሰው ነው።

እስቲ አብረን እንመዝን። ፒክ ዲዛይን የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ የሚሠራው ባለ 45 ሊትር ቦርሳ ባዶውን 2 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በጥንካሬውና በአሠራሩ የሚመሰገን ቦርሳ ነው፤ ስሙን ያነሳሁት ለምሳሌ ያህል ነው። ከሰባቱ ሁለቱ ሄደ፤ እስካሁን ያስገቡት ነገር የለም። ቀጥሎ የእኔ ላፕቶፕ 1.4 ኪሎ፤ ቻርጀሩና ገመዶቹ ግማሽ ኪሎ፤ ፓወር ባንኩ 400 ግራም፤ የጆሮ ማዳመጫው ከነማይክሮፎኑ 300 ግራም፤ ደብተር፣ ሰነድ፣ መነጽርና መድኃኒት ግማሽ ኪሎ። ድምሩ 5.1 ኪሎ ሆነ። የቀረዎት 1.9 ኪሎ ነው፤ እሱም በአንድ ጂንስ ሱሪና በአንድ ጥንድ ጫማ ያልቃል። ያ ሁሉ ሊትር ወይ አየር ይዞ ይጓዛል፣ ወይ ተሞልቶ ባለቤቱን ያስቀጣል። የሰው ልጅ ደግሞ ባዶ ቦታ ካየ ዝም ብሎ አያልፍም። እኔም ሞላሁት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴ የዓይን ቀዶ ሕክምና ልታደርግ ሆነ። ሥራዬን እየሠራሁ ስድስት ሳምንት አብሬአት እንድቀመጥ ከመሥሪያ ቤቴ ተፈቀደልኝ። በደስታ ሄጄ አንድ ባለ 42 ሊትር ቦርሳ ገዛሁ፤ ጥፋቱ በአብዛኛው የራሴ ስለነበር የሠሪውን ስም አላነሳም። ሁሉን ነገር በየኪሱ ከተትኩ። ማታ ሳሎን ውስጥ አዝዬው ልጆቼ ፊት ስንጎራደድ ወደ ጨረቃ የሚሄድ ሰው መስዬ ነበር። ሚዛን ላይ ማውጣት ግን ትዝ አላለኝም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል።

ትራንዚት ባደረግሁበት ከተማ፣ ሁለተኛው መሳፈሪያ በር ላይ፣ አንዲት ሠራተኛ በትሕትና ወደ ሚዛኑ ጠቆመችኝ። 12 ኪሎ ከምናምን አለ። «ይህ ወደ ጭነት ይወርዳል» አለች። ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ነው፤ አውሮፕላኑ ሊነሳ ነው። ተንበርክኬ ዚፑን ስስበው ያ ዙሪያውን በመከፈቱ ያመሰገንኩት ቦርሳ ሆዱን ለሕዝብ ዘረገፈው። ላፕቶፑን በብብቴ፣ ፓወር ባንኩን በኪሴ ይዤ ሮጥኩ። ቻርጀሩን፣ ማዳመጫውንና ወደ መሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር መግቢያ ተብላ የተሰጠችኝን ጥፍር የምታህል ቁልፍ ግን ረሳሁ። ሦስቱም በተለያየ ኪስ ነበሩ።

ቦሌ እኔ ደረስኩ፤ ቦርሳው አልደረሰም። ሦስት ቀን ቆየ። በመጀመሪያው የሥራ ምሽት ላፕቶፑ ባትሪ ነበረው፤ ያለዚያች ቁልፍ ግን የመሥሪያ ቤቱ በር አይከፈትም። ለአለቃዬ በስልክ ጻፍኩ። ደግ ሰው ነበርና «ችግር የለም» ብሎ መለሰልኝ፤ አባባሉ ግን ችግር እንዳለ ይናገር ነበር። የአክስቴ ልጅ ለላፕቶፑ የሚሆን ቻርጀር ፍለጋ መርካቶን ዞረልኝ። እኔ ደግሞ በየቀኑ ቦሌ እየተመላለስኩ የጠፋ ዕቃ የሚጠየቅበት መስኮት ፊት ስቆም ዋልኩ። እናቴ ዓይኗ በፋሻ እንደታሰረ አልጋዋ ላይ ሆና የበሩን ድምፅ ስትሰማ «መጣ?» ትላለች። ስለ ቦርሳው የምትጠይቅ መስሎኝ «ገና ነው» እላታለሁ። በሦስተኛው ቀን «ልጄ፣ እኔ የምጠይቀው አንተ መጣህ ወይ ብዬ ነው» አለችኝ።

ውድ አንባቢ፣ ከዚያ ወዲህ የቦርሳ ሱቅ ስገባ ጥያቄዬ ተቀይሯል። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ምን ያህል ይይዛል?» ብሎ ነው። እኔ «በር ላይ ቢወሰድብኝ ምን ይቀርልኛል?» ብዬ እጠይቃለሁ። በዚህ ጥያቄ ሲፈተኑ ብዙ የተወደሱ ቦርሳዎች ይወድቃሉ።

ይህ የአንድ የተቃጠለ ሰው ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ደንቡም ያስገድዳል። ፓወር ባንክና ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ወደ ጭነት ክፍል በሚወርድ ሻንጣ ውስጥ መግባት የለባቸውም። የሊቲየም ባትሪ ከተጎዳ ራሱን በራሱ እያጋለ ሊቀጣጠል ይችላል። ሰው ባለበት ክፍል ከሆነ የአውሮፕላኑ ሠራተኞች ይደርሱበታል፤ ከታች ከሆነ ማን ያየዋል? የተለመደው ወሰን 100 ዋት ሰዓት ነው። ባለ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ያህል ስለሆነ ያልፋል፤ ከ27,000 የበለጠ ግን ወሰኑን ያልፋል። በጃንዋሪ 2025 በደቡብ ኮሪያ ቡሳን አንድ የኤር ቡሳን አውሮፕላን ገና መሬት ላይ ሳለ ከተቃጠለ በኋላ ደቡብ ኮሪያ ፓወር ባንክ ከላይ ባለው የዕቃ ማስቀመጫ እንዳይቀመጥ ከለከለች። ኤምሬትስም ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ በበረራ ላይ በፓወር ባንክ መጠቀምን ከልክሎ፣ ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ፈቅዷል። ስለዚህ ቦርሳዎ በር ላይ ሲወሰድ «ባትሪዎን ያውጡ» መባልዎ አይቀርም። ይህን ትእዛዝ በአሥር ሰከንድ ለመፈጸም የማያመች ቦርሳ ለተጓዥ ሠራተኛ አልተሰፋም።

ለማን ነው የተሰፋው ታዲያ? በማስታወቂያው ላይ ያለውን ሰው ልብ ብለው ይዩት። ብቻውን ነው። ሁለት ጥቁር ካናቴራ አለው፤ አንዱን ለብሶ ሌላውን በሆቴሉ መታጠቢያ ገንዳ ያጥባል። ባሕር ዳርቻ ቁጭ ብሎ ላፕቶፑን ይነካካል፤ ፀሐዩ እንዴት ማያውን እንደሚያሳየው እግዜር ይወቅ። አደራ የሰጠው ሰው የለም፤ ደጅ ቆሞ የሚጠብቀውም የለም። ከቦርሳው ጋር የሚሸጥልን ይህ ኑሮ ነው፤ ቀላልነት የሚሉትም ይህንኑ ነው። ማንም ምንም ካላሸከመው ሰው ቀላል ቢሆን ምን ይገርማል?

እኛስ? ልንሄድ ነው ብለን የነገርነው ሰው ሁሉ «ትንሽ ነገር ናት» ይለናል። ትንሿ ነገር የልጅ ጫማ ናት፤ የስኳር መለኪያ ናት፤ ቫይታሚን ናት፤ ለሠርግ የሚሆን ሙሉ ልብስ ናት። ስንመለስ ደግሞ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ዳቦ ቆሎው አለ። ቦርሳ ሠሪው ይህን ሁሉ ትርፍ ሸክም ይለዋል፤ በእኛ ዘንድ ስሙ አደራ ነው። አንዳንዴ ያማርረናል፣ እውነት ነው። ግን አደራ የማይሰጠው ሰው የተረሳ ሰው እንደሆነም እናውቃለን። ስለዚህ ሁሉን በአንድ ቦርሳ ይዞ መሄድ የሚለው ሐሳብ የእኛን መንገድ አያውቅም።

ሒሳቡን በዚህ ይሥሩት። ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚሄድ መንገደኛ በተለመደው የኢኮኖሚ ትኬት ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይጫንለታል። 46 ኪሎው የሰው ነው፤ 7 ኪሎው የእርስዎ ነው። ልብስዎን ከአደራው መካከል ይክተቱት፤ የሚሰበረውን ዕቃ ይጠቀልልልዎታል። ሻንጣዎቹ ሦስት ቀን ቢዘገዩ የሚጎዳው ወግዎ ነው፤ የወንድምዎን ሸሚዝ ይለብሳሉ። ጀርባዎ ላይ የሚታዘለው ግን እንጀራዎ ብቻ ይሁን።

ለዚህ ምን ዓይነት ቦርሳ ይሁን? በእኔ ግምት ከ25 እስከ 30 ሊትር የሚይዝ፣ ባዶው ከ1 ኪሎ ብዙም ያልዘለለ ይበቃል። ሱቅ ውስጥ ክብደቱ ካልተጻፈበት በእጅዎ አንስተው ይገምቱት፤ ባዶውን የከበደ ሲሞላ አይቀልም። ቀጥሎ የላፕቶፑን ክፍል ይዩ። እጅዎን አስገብተው እስከ ታች ይዳስሱ። ክፍሉ እስከ ቦርሳው ወለል ከወረደ፣ ቦርሳውን መሬት ላይ ባስቀመጡ ቁጥር የሚመታው ላፕቶፑ ነው። ከወለሉ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የተሰፋ ከሆነ ይተርፋል።

ስለ ጨርቁ ሻጩ «ዲኒየር» የሚል ቃል ይጠራልዎታል። ዲኒየር የክር ውፍረት መለኪያ ነው፤ 9,000 ሜትር ክር ስንት ግራም እንደሚመዝን የሚነግር ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ክሩ ይወፍራል፤ ጨርቁም ይከብዳል። ስለዚህ ትልቁን ቁጥር የያዘ ሁሉ ለእኛ ይሻላል ማለት አይደለም። ከጨርቁ ይልቅ ስፌቱን ይመርምሩ። ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የተገናኘበትን ቦታ ገልብጠው ይዩ፤ ክሩ ደጋግሞ ካልተመላለሰበት መጀመሪያ የሚለቀው እሱ ነው። ዚፑን ሙሉ ዙሩን ከፍተው ይዝጉት። ባዶ ሳለ ማዕዘኑ ላይ የሚይዝ ዚፕ ሲሞላ ጥርሱን ያራግፋል። ከአያያዝ ይቀደዳል የሚለው ተረት እውነት ነው፤ ከአሰፋፍ የሚቀደደው ግን ይበልጣል። መልኩም የማይጮህ ይሁን። በየቦታው ዘለበትና ማንጠልጠያ የተሰቀለበትን፣ የወታደር ትጥቅ የሚመስለውን ይተዉት፤ ፈታሽ ሁሉ ዓይኑን ይጥልበታል።

ከሁሉ በላይ የሥራውን ዕቃ በአንዲት ትንሽ ባለ ዚፕ ከረጢት ይሰብስቡ። ቻርጀር፣ ገመድ፣ ማዳመጫ፣ የመሥሪያ ቤት ቁልፍ፣ ፓወር ባንክ፣ መድኃኒት፣ ሁሉም በዚያች ውስጥ ይግቡ፤ ከረጢቷም ከላይ፣ ከላፕቶፑ ጎን ትቀመጥ። በር ላይ ሲጠየቁ አንዱ እጅዎ ላፕቶፑን፣ ሌላው ከረጢቷን ያወጣል፤ ቦርሳው የፈለገበት ይሂድ። ሃያ ኪስ ያለው ቦርሳ ሃያ የመርሻ ቦታ አለው።

በሁለተኛው ጉዞዬ ምንም አልገዛሁም። ልጄ ሁለተኛ ደረጃን ስትጨርስ የጣለቻትን የተማሪ ቦርሳ ከጓዳ አወጣሁ። ባዶዋን ግማሽ ኪሎ ያህል ናት። ከሥራ ዕቃዬና ከአንድ ቅያሪ ልብስ ጋር በቤት ሚዛን 5 ኪሎ ተኩል መዘነች። መሳፈሪያው በር ላይ ደርሼ ሠራተኛውን በኩራት አየሁት፤ እሱ ግን ሳይመዝነኝ አሳለፈኝ። ዣንጥላ ሲይዙ ዝናብ አይመጣም። የቦርሳዋን ጉድለት ግን አልደብቅም። ማንገቻዋ ቀጭን ስለነበር ትከሻዬን ቆረጠችኝ፤ የላፕቶፕ ክፍሏ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ ክረምት ነበርና ከቦሌ ወደ ቤት ስንሄድ ደብተሬ ረጠበ። ርካሽ ሁሉ ይበቃል እያልኩ አይደለም። በኋላ ማንገቻው ወፈር ያለ ባለ 28 ሊትር ገዛሁ። ዝናብን በሚመለከት ግን የሱቁን መሸፈኛ ትቼ ላፕቶፑን በፌስታል እጠቀልላለሁ፤ እስካሁን አላሳፈረኝም።

የሚቃወሙኝም አሉ። አንድ ወጣት ወዳጄ ከአገር አገር እየተዘዋወረ የሚሠራ ነው፤ አንድ ወር ሊዝበን፣ አንድ ወር ናይሮቢ ይቀመጣል። የሚጫን ሻንጣ የለውም። ይህን ሂስ ሳነብለት «ጋሼ፣ እርስዎ የሚሄዱት ወደ ቤት ነው፤ የእኔ ቤት ጀርባዬ ላይ ነው» አለኝ። ልክ ነው። ለእሱ ባለ 40 ሊትሩ ይገባዋል፤ ዙሪያውን መከፈቱም፣ የወገብ መታጠቂያውም ለእሱ ተገቢ ነው። ቃሌን እንደ ሕግ አይውሰዱት። ነገር ግን ያቺን ትንሽ ከረጢት እሱም እንዲይዝ መክሬዋለሁ፤ ሚዛን ወጣትና ሽማግሌ አይለይምና።

ስለ ከረጢቷ ጥቂት ልጨምርና ላብቃ። በኢትዮጵያ ኤሌክትሪኩ 220 ቮልት ነው። አብዛኛው የላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ስለሚቀበል የሚያስፈልግዎት ክብ ጥርስ ያለው የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው፤ ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ግን ያንብቡ። ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮም ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ አገልግሎት ስለሚሰጥ የሁለቱንም ሲም ካርድ ይያዙ፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይነሳል። መብራት የሚጠፋበት ቀን ስላለም ባትሪዎን ጠዋት ይሙሉ። ጠዋቱ የእርስዎ ነው። በዋሽንግተን የቀን ሥራ የሚጀመርበት 9 ሰዓት፣ በበጋው የአሜሪካ ሰዓት፣ አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ ሥራው የሚያልቀው ሌሊት 6 ሰዓት ነው። ኖቬምበር ላይ ሰዓቱ ሲቀየር አንድ ሰዓት ይገፋል። ከንጋት እስከ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ ለመጣችሁበት ጉዳይ የተተወ ነው።

ባለፈው ስሄድ ቦርሳዬን እናቴ አልጋ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ሰቀልኩት። ቀኑን ሙሉ ስንጨዋወት ዋልን። 10 ሰዓት ሲሆን ላፕቶፑንና ከረጢቷን አውጥቼ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ተቀመጥኩ። እናቴ ዓይኗ አሁን ደኅና ያያል። ተነሥታ ቦርሳውን ከወንበሩ አወረደችውና ገበያ ላይ ዶሮ እንደሚገዛ ሰው በእጇ ከፍ ዝቅ አድርጋ መዘነችው።

«ከአሜሪካ ይዘኸው የመጣኸው ሥራ ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው፣ እማዬ።»

«ቀላል ነው» አለችና ወደ ቦታው መለሰችው። «ታዲያ ለምን ቶሎ ቶሎ አትመጣም?»